ስምንተኛው ሰንጢ

ሰንጢውን ያመጣችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። እንደ ወትሮዋ በወረቀት ጠቅልላ፣ ወረቀቱን በክር አስራ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና እጇን ሳታነሳ ጥቂት ቆየች።

«ይኸኛውን ሠላሳ ዓመት ፈልጌዋለሁ» አለች።

«የት ተገኘ?»

«አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰውዬ። ከተሰባበሩ መነጽሮች ሥር ተቀብሮ።»

«አይከፈትም?»

«ግማሽ ድረስ ይከፈትና ይነክሳል። ግን ያየሁት ይበቃኛል። እሱ ነው።»

«ቅዳሜ ይደርሳል።»

«እንግዲያው ቅዳሜ» ብላ ሄደች። ዞር ብላ አላየችኝም። ዞር የማትለው ስታፍር ነው። ሁለት ዓመት ሳያት ኖሬ ይህን ያህል አውቃለሁ።

እኔ ቢላዋ ሞራጅ ነኝ። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ሱቄ የምላት ከቁልፍ ቀራጩ ጋር የምጋራት ጠባብ ክፍል ናት። እሱ ቀኑን ሙሉ ያወራል፤ እኔ ድንጋዬን በእግሬ አሽከረክራለሁ። «ዝምታው» የሚል ስም ያወጣልኝም እሱ ነው።

«እሷ ቤት ገብቶ ያልቀረ አሮጌ ብረት እንግዲህ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው» አለኝ ከሄደች በኋላ።

ድንጋዬን አሽከረከርኩ።

መጀመሪያ የመጣች ጊዜ አርባ ያህል ሰንጢ በእንጨት ሳጥን ይዛ ነበር። ስካውቶች ካምፕ ሲወጡ በቀበቷቸው የሚያንጠለጥሉት ዓይነት ነው፤ አንድ ስለት፣ አንድ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ አንድ ጠርሙስ መክፈቻ፣ አንድ ወስፌ፣ ከጫፉ ቀለበት። የአንዳንዱ እጀታ ቀንድ ነው፣ የአንዳንዱ አጥንት። ሰው ቴምብር ይሰበስባል፤ እሷ ይህን ትሰበስባለች። ጂኦግራፊ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

«ዝገቱን ያስለቅቁልኝ፣ ሞላውን ያላሉልኝ። ስለቱን ግን እንዳይነኩት» አለችኝ።

«እመቤቴ፣ ዳቦ ቤት ገብቶ ዳቦ እንዳታሳዩኝ እንደማለት እኮ ነው» አልኳት።

ሳቀች። ሳቋ ከእኔ ይልቅ እሷን ያስደነገጣት መሰለኝ። ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ በር እንዲህ ነው የሚጮኸው።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ አንድ ሰንጢ ታመጣለች። መጠቅለያው ላይ ሕመሙን ትጽፍበታለች፤ «ሞላው ደክሟል»፣ «ወስፌው አይወጣም»። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ «ስለቱ እንዳይነካ»። እኔም ከወረቀቱ ጀርባ እመልሳለሁ፤ «ዘይት ጠጥቷል፣ አሁን ይወጣል»። ቆይቶ ሌላ ነገርም መጻፍ ጀመርን። ስለ ዝናብ። ስለ ጉልበት ሕመም። ስለ ሬዲዮ። አንድ ቀን መልሴን በቀይ እስክሪብቶ አርማ ላከችልኝ። አልተቀየምኩም። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ጽሑፌን ያየልኝ ሰው አልነበረም።

ከወር በፊት እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፤ «መምህርት፣ እኔም እርስዎም ለየብቻችን እራት እንበላለን። በአንድ ገበታ ብንበላስ? የእኔ ቤት አንድ ክፍል ነው። ሰው ቢስቅብን የሚስቀው በእኔ ነው።»

መልስ በማግሥቱ አልመጣም። በማግሥቱ የመጣው ልጇ ነው። ከዚህ አምስት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ የሚኖር ጠበቃ ነው፤ ሊጠይቃት መጥቶ ወረቀቴን ጠረጴዛዋ ላይ አይቶታል። ጫማው እንዳይቆሽሽ የብረት ብናኙን እየዘለለ ገባ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እናቴ መምህርት ናት። ያስተማረቻቸው ዳኞችና ሐኪሞች ናቸው ቤቷ መጥተው የሚጠይቋት።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ታዲያ እርስዎ ከእነሱ ጋር ምን ብለው ይቀመጣሉ?»

«ወንበር ካለ» አልኩት።

ቁልፍ ቀራጩ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ልጁ ግን አልሳቀም። እናቱን ወደ ራሱ ቤት ሊወስዳት እንደሆነ፣ ብቻዋን መኖሯ እንቅልፍ እንደነሳው ነገረኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱን ይወዳል፤ እንደሚወደድ ዕቃ ግን ሊያስቀምጣት ነው የፈለገው።

እናም ያን ማክሰኞ ክሩን ፈትቼ ወረቀቱን አነበብኩ። «ሞላው ነክሷል። ስለቱ እንዳይነካ፤ የዚህን በተለይ አደራ። ለደብዳቤዎ ቅዳሜ መልስ አለኝ።»

ያን ወረቀት ከሌሎቹ ጋር አላኖርኩትም። ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ድንጋዩን በረገጥኩ ቁጥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ቁልፍ ቀራጩ የሚያወራውን ሁሉ ያን ቀን ወደድኩለት።

*

ሰንጢው ዘይት ውስጥ አደረ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተከፈተ። ወደ ብርሃን አዙሬ ስለቱን አየሁት። 

ሰው የእጅ ጽሑፉን ሊደብቅ ይችላል። አሞራረዱን ግን አይደብቅም። በቀኝ እጁ የሚሞርድ ሰው የስለቱን አንዱን ገጽ አብዝቶ ይልጠዋል፤ ግራኝ ሌላኛውን። አንዱ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይቸኩላል፤ ሌላው ሥሩ ላይ ይለግማል። አርባ ዓመት ስለት ያየ ሰው ያልተጻፈ ያነባል። ይህን ሰንጢ የሞረደው ግራኝ ነው። የተማረ እጅ አይደለም፤ ድንጋዩም ከወንዝ የተለቀመ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ እጁን ትንሽ ቀና ያደርጋል።

ይህን እጅ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዬን ቤቷ ሳደርስላት እንዳየሁት፣ ከአርባው መሐል ሰባቱን ለብቻ በነጭ ጨርቅ ታስቀምጣቸዋለች። ሰባቱም በዚሁ እጅ የተሞረዱ ናቸው። ድሮ አንድ ሻጭ የሞረዳቸው ይሆናሉ ብዬ አልፌው ነበር። ይኸኛው ስምንተኛው ነው። ሠላሳ ዓመት ፈልጌዋለሁ ያለችውም ይህን ነው።

ሳሎኗ ውስጥ አንድ ፎቶ አለ። ባርኔጣ ያደረገ ረጅም ወጣት፣ የስካውት ልብስ ለብሶ ድንኳን ፊት ቆሟል። ግራ እጁን ዘርግቶ የአንዲት ከሲታ ልጅ እጅ እየጨበጠ ነው። አንድ ቀን ማን እንደሆነ ጠይቄያት ነበር።

«የካምፕ መሪያችን ነበር። ጥሩ ሰው ነበር» አለችኝ። ይህን ስትል መስታወቱን በእጅጌዋ ጠረገችው። አቧራ አልነበረበትም።

ግራ እጁን። አሁን ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ። «ስለቱ እንዳይነካ» የሰብሳቢ ጥንቃቄ አልነበረም። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የአንድ ሰው እጅ ስትለቅም ኖራለች።

የሞተ ባል አያስቀናም። እኔም የሞተች ሚስት አለችኝ፤ ሁለቱም በቦታቸው ናቸው። ይኸኛው ግን ባል አልነበረም። ይኸኛው ያልተፈጸመ ነገር ነው፤ ያልተፈጸመ ነገር ደግሞ አያረጅም። ቅዳሜ እሺ ብትለኝ እንኳ ስምንት ሰንጢ ሆኖ አብሮን ገበታ ሊቀርብ ነው።

ሐሙስ ጠዋት እግሬን መርገጫው ላይ አሳረፍኩ።

«እሱን እንዳትነካው አላለችህም እንዴ?» አለኝ ቁልፍ ቀራጩ።

«ቁልፍህን ቅረጽ።»

«እኔ እንጃ። አደራ ብላሃለች።»

«ቅረጽ አልኩህ።»

መጀመሪያ በሻካራው ድንጋይ፣ ቀጥሎ በለስላሳው፣ መጨረሻ በቆዳው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ለራሴ ስጦታ ነው አልኩት፤ ሞራጅ ለወደዳት ሴት ከስለት በላይ ምን ይሰጣል አልኩት። ዋሸሁ። ድንጋዩ ያን ጠማማ እጅ ሲልጠው ዓይኔን አልነቀልኩም። ሲያልቅ የክንዴን ጸጉር ላጨ። በሕይወቴ ካወጣሁት ስለት ሁሉ ያማረው እሱ ነው። ወዲያው ቆጨኝ ብል ደግሞ ሁለተኛ እዋሻለሁ። የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ለሰው የማይነገር ዓይነት ደስታ።

*

ቅዳሜ በሩን ስትከፍትልኝ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ነጩ ጨርቅ ተዘርግቷል። ሰባቱ ሰንጢዎች ተከፍተው ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው የአንድ ሰንጢ ቦታ ባዶ ነው። ሻይ ቀድቼልዎታለሁ አለችኝ። ድምጿ እንደ ልጅ ድምፅ ነበር።

ሰንጢውን ሰጠኋት። ከፈተችው። ያለ ችግር ሲከፈት ፈገግ አለች። ከዚያ አውራ ጣቷን ስለቱ ላይ አሳለፈችና ቆመች። ወደ መስኮቱ ሄዳ በብርሃን አየችው። ገልብጣ አየችው።

ክፍል ገብቶ ወንበሮቹን ባዶ ያገኘ መምህር እንዲህ የሚሆን ይመስለኛል።

«ነክተውታል» አለች።

«አዎ።»

«አሁን እኮ ይህ ከየትም የተገኘ ሰንጢ ነው።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብታደርግ ይሻለኝ ነበር። ሰንጢውን ባዶው ቦታ ላይ አኖረችው፣ ተመልሳ አነሳችው። እዚያ የሚቀመጥ አልመሰላትም።

ተቀመጠች። እኔ እንደቆምኩ ነበርኩ።

«ስምንት ልጃገረዶች ነበርን» አለች። «ሦስት ክረምት አብረን ካምፕ ወጥተናል። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰንጢ ነበረን፤ የሰንጢ ኃላፊዋ እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ወንዝ ወርጄ ጠፍጣፋ ድንጋይ እፈልግና የስምንታችንንም እሞርድ ነበር። በዚህ።»

ግራ እጇን አነሳች።

«ትምህርት ቤት ይህን እጄን በማስመሪያ ይመቱት ነበር። ቤት ደግሞ አባቴ ከወንበሩ ጋር ያስረው ነበር። በቀኝ መጻፍ ተማርኩ፣ በቀኝ መብላት ተማርኩ፣ እንደሚያዩኝ ሆንኩ። እዚያ ካምፕ ግን ማንም ምንም አላለኝም። በዓመት ሁለት ሳምንት እጄ የእኔ ነበር።»

 ይህች ሴት ስትደነግጥ የምትዘረጋው ግራ እጇን ነው። ከጠረጴዛዬ ጠርዝ የወደቀ ወስፌ በዚያ እጅ ስትቀልብ በዓይኔ አይቻለሁ። አይቻለሁ፤ አላስተዋልኩም።

«ቡድኑ ሲፈርስ ሰንጢዎቹ ተበተኑ። ስም አልተጻፈባቸውም፤ እንደነሱ ያለ በሺህ የሚቆጠር አለ። የእያንዳንዷን በትንሹ ለይቼ ሞርጄው ነበር፤ የማውቃቸው በስለታቸው ብቻ ነው። ሌላ ምልክት የለኝም።»

«መምህርት፣ ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ...»

«እሱ ምን?»

«ግራኝ አይደለም?»

ግራ ተጋብታ ፎቶውን አየችው። «ኧረ አይደለም። የስካውት ሰላምታ በግራ እጅ ነው። በልብ በኩል ነው ይላሉ። ልጅቷ እኔ ነኝ። ግራ እጄን ዘርግቼ ያልተመታሁበት የመጀመሪያ ቀን ነው።»

የምይዘው አጣሁና የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ።

እሷ ግን ፊቴን አይታ አዘነችልኝ። በራሷ ሐዘን ላይ ለእኔ አዘነች። ዓይኗን ጠረገችና እንዲህ አለችኝ፤ «በቃ ምን ይደረግ። የእጅ ልማድ ነው። የደነዘዘ ስለት አይተው ማለፍ አይችሉም። እኔም የተሳሳተ ፊደል አይቼ አላልፍም። አይደለም እንዴ ጋሼ?»

ድልድዩን ራሷ ዘረጋችልኝ። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አዎ ብል ሻዩን እንጠጣለን፣ መልሷን ትነግረኛለች፣ ሰማያዊውን ቀሚስ ለምን እንደለበሰች አውቃለሁ። ሁለት ወንበር አለ። አየሁት።

«አይደለም» አልኩ። «ልማድ አይደለም። ዐውቄ ነው። የዚያ ሰው እጅ መስሎኝ ነው። ሰባቱንም አውቃቸው ነበር። ቀንቼ ነው ያጠፋሁት።»

 ከዚያ አጭር ሳቅ ሳቀች፤ እንባዋ ከሳቁ ጋር አብሮ መጣ።

«በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ሰው ቀናብኝ» አለች። «የቀኑባትንስ ያውቋታል? አሥራ አራት ዓመቷ ነበር።»

«አሁን አወቅኋት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ እጄን በእጅዎ ይዘውት ነበር። አንድ ቀን እንኳ፣ ይህ የማን እጅ ነው ብለው አልጠየቁኝም።»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«መልሱን።»

ተነሳች። ሰባቱን ሰንጢዎች አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረች። እያንዳንዱ ሲዘጋ ጠቅ ይላል።

«ዛሬ ይሂዱ» አለችኝ። ክፋት አልነበረበትም። ሻዩን ሳልነካ ደረጃውን ወረድኩ።

*

ሰኞ ሱቄ ዋልኩ። ማክሰኞም ዋልኩ። ማክሰኞ ወደ ማታ ቁልፍ ቀራጩ ከውጭ ሲመለስ ፖስታ ይዞ መጣ፤ መንገድ ላይ አግኝታ ሰጥታዋለች። የታጠፈ ወረቀት እንጂ መጠቅለያ አይደለም። በውስጡ ምንም ብረት የለም።

ፊደሉ የእሷ አልመሰለኝም። ይንገዳገዳል፣ መስመሩን ይስታል፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው።

«ቅዳሜ ጠዋት መልሴ እሺ ነበር። ቀሚሱንም ለዚያ ነው የለበስኩት። አሁን እሺም እምቢም ማለት አቃተኝ። ስለ ሰንጢው አልተቀየምኩም። ባይነግሩኝ መቼም አላውቅም ነበር፤ ስለነገሩኝ አከብርዎታለሁ። ባሌ ሃያ ሦስት ዓመት አብሮኝ ኖሮ ሰንጢ ለምን እንደምሰበስብ ሳይጠይቀኝ ሞተ። ልጄም ጠይቆኝ አያውቅም። ደግ ናቸው፤ አቧራውን ይጠርጉልኛል። እርስዎ ግን ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። ሰባቱን አንድ በአንድ ያመጣሁልዎት ለዚያ ነው። አንዱን እንኳ አይተው አፍ ያወጣሉ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ነገ ልጄ ሊወስደኝ ይመጣል። እሄዳለሁ። የጽሑፌን መጥፎነት ይታገሡኝ፤ ይህ እጅ ከጻፈ አርባ አራት ዓመት ሆኖታል።»

መጨረሻው ላይ ደርሼ ነው በግራዋ እንደጻፈችው የገባኝ። ወረቀቱን ዘቅዝቄ ያዝኩት፤ እንባ እንዳይነካው።

«ምን አለች?» አለ ቁልፍ ቀራጩ።

«ትሄዳለች።»

«ይህን ሁሉ ወረቀት ለአንዲት ቃል?»

ወረቀቱን አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩት።

«ዝም አይነቅዝም ይባላል» አለኝ መሮውን አስቀምጦ። «እህል ይሆናል እንጂ ሰውማ ይነቅዛል። አርባ ዓመት ሆነን እዚህች ክፍል፤ እኔ ሚስቴ ጥላኝ የሄደች ጊዜ እንኳ ምን ሆንክ ብለህ አልጠየቅከኝም። ቢላዋዬን ሞረድክልኝ።»

እውነቱን ነው። ሞርጄለት ነበር። ማጽናናቴ እሱ ነበር።

«ምን ብዬ ልጠይቃት?»

«እኔ ምኑን አውቄ። ቁልፍ እቀርጻለሁ እንጂ በር አልከፍት።»

ይህን ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። የመሮው ድምፅ ግን ቶሎ አልተሰማም። ሁለታችንም ጀርባ ለጀርባ ሆነን፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ለየብቻችን ነበርን።

*

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሄድኩ። መኪናው በሩ ላይ ቆሞ ሞተሩ ይሠራል። ሻንጣዎቹ ተጭነዋል፤ እሷ መኪናው ውስጥ ናት፣ የእንጨት ሳጥኑ ጭኗ ላይ ነው። መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ያ ሰፊ ቤት ከውጭ ሲያዩት ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ ሰው ይመስላል።

ልጇ ከመኪናው ወረደ።

«አባባ፣ ዛሬ አይሆንም። መንገድ ላይ ነን።»

«አላቆያችሁም ልጄ።»

መስታወቱን አወረደች። ዓይኖቿ አብጠዋል። አየችኝ፤ ይቅርታ ልጠይቃት የመጣሁ መስሏት ይሆናል። ይቅርታ በአፌ ሞልቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«መምህርት» አልኳት፣ «ሌሎቹ ሰባቱ እነማን ነበሩ?»

 እጇ ሳጥኑ ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ግራ እጇ ነው።

«እማዬ፣ ይረፍድብናል» አለ ልጁ ወደ መሪው እየተመለሰ።

«ቆይ» አለችው። ከዚያም እኔን ሳይሆን ፊት ለፊቷን እያየች ጀመረች። «አንዷ ጉንዳን ነበር የምንላት። ከእኔ ታንሳለች፣ ከእሷ የሚከብድ ነገር ካልተሸከመች ግን አይሆንላትም። ድንኳኑን ብቻዋን ነበር የምትጎትተው።»

«ሁለተኛዋስ?»

«ፉጨት። ስታፏጭ ወፍ ሁሉ ይመልስላታል። ጨው የምንላት ምግብ አብሳያችን ነበረች፤ ለምን ጨው እንደተባለች አይጠይቁኝ።» ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየሁም። «ገደል አለች። ይህችን ከምታክል ጉብታ ወድቃ ከገደል ወደቅሁ ብላ ያለቀሰች። እንቅልፌ አለች። እንቅልፌ ሞታለች፤ ወሊድ ላይ ነው የሞተችው። ሰንጢዋን ያገኘሁት ከሞተች በኋላ ነው።»

ልጁ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጠፋ።

ዞር ብላ አየችው። «ምነው?»

«ይህን ለእኔ ነግረሽኝ አታውቂም» አለ። እጁ መሪው ላይ ነው። ጠበቃ አልመሰለኝም ያኔ፤ የሆነ ነገር ያመለጠው ልጅ መሰለኝ።

«ጠይቀኸኝ አታውቅም» አለችው። ቁጣ የለበትም፤ ለራሷ እንደምትናገር አለችው።

 ከዚያ ልጁ ወደ ውጭ እያየ «ሁለት ይቀራሉ» አለ። ሲቆጥር ነበር።

«ጠበቃ» አለች። «ለሁሉም የምትከራከር። አንተ እሷ ፊት ብትቀርብ ተረትተህ ነው የምትመለሰው። የመጨረሻዋ ደመና ናት። በሆነው ባልሆነው ታለቅሳለች። ይህ ስምንተኛው ሰንጢ የእሷ ነበር። ትኑር አትኑር አላውቅም።»

«እርስዎንስ ምን ይሉዎት ነበር?» አልኩ።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ማንም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ስለት እንደሚታይ ነው ያየችኝ፤ በብርሃን አዙራ፣ ገልብጣ።

«ግራዬ» አለች። «ግራዬ ነበር የሚሉኝ።»

እሺ አላለችኝም። እኔም ያን ጥያቄ አልደገምኩላትም። ልጇ ሞተሩን አስነሳ። ሲያልፈኝ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ከዚህ በፊት ያላደረገው ነው። መኪናው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ቆምኩ። ከተሰወረም በኋላ ቆምኩ። መንገዱ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሱቅ አልተመለስኩም። ስሞቹን እንዳልረሳ እየደጋገምኩ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንደ ተማሪ ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ። ያለፉ ሰዎች ሳያዩኝ አልቀሩም። ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ወንበር። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ጉንዳን፣ ፉጨት፣ ገደል፣ እንቅልፌ፣ ጠበቃ፣ ደመና፣ ግራዬ። ሰባት ሆኑ። እንደገና ቆጠርኩ፤ ሰባት።

አንዷ ጠፍታብኛለች። ማን እንደነበረች የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ለእሷ ካልጻፍኩላትና ካልጠየቅኋት ላውቅ አልችልም። ደስ አለኝ።